እሺ ያልኩበት ቀን

ሀብቴ ቃሌን እንዴት አድርጎ ይገለብጠው ይሆን? ከነጋ ጀምሮ በሆዴ የማወጣ የማወርደው ይህንኑ ነው። እኔ የምናገረው አንዲት ቃል ናት፤ «እሺ»። ልጄ ሀብተ ማርያም አጠገቤ ቆሞ ያችኑ ቃል ወደ ጣልያንኛ ሲያሻግራት «አይሆንም» ያደርጋታል። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ የልደታ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር ቆመን የተማከርነው እንዲህ ነው። እሱ የሐኪም ቤቱ አስተርጓሚ ነው፤ ነጭ ለባሾቹ መነኮሳት ያለ እሱ ከሐበሻ ጋር አይነጋገሩም። «ታጭታለች በላቸው» አልኩት፤ «የታጨች ልጅ አንወስድም ይላሉ ብለኸኝ የለ? አገር እስኪረጋጋ ድረስ አስቀርልኝ።» ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ጥቂት አሰበና «ለእኔ ይተዉት እማዬ» አለኝ። እንዲህ ከሆነ እነሱ ዘንድ አስታማሚነት ልትማር የጓጓችው የልጅ ልጄ ሠርካዲስ የምትቀየመው ፈረንጇን መነኩሲት ነው፤ እኔ እሺ ያልኩ አያት ሆኜ እቀራለሁ። እሑድ ለት ሲታሰብ ቀላል ነበር። ሐሙስ ጠዋት ግን ነጠላዬን ሁለት ጊዜ ገልብጬ ለበስኩት።

ቤታችን አንድ ክፍል ነው፤ በአቡጀዲ መጋረጃ ሁለት ያደረግነው። ከመጋረጃው ወዲህ የእኔ መደብ፣ ሣጥኑና ዳዊቴ፤ ከወዲያ የሠርኬ አልጋና እናቷ የተወችላት መስተዋት። ግድግዳው በጋዜጣ ተለጥፏል፤ የታችኛው የድሮው በአማርኛ፣ ከላይ የተደረበው በጣልያን ፊደል የተጻፈ። እኔ ልጅ ሆኜ ዳዊት ስለ ደገምኩ ሰፈርተኛው ደብዳቤውን ለእኔ ያመጣል፤ የጣልያኑ ፊደል ግን ለእኔ የጉንዳን መንገድ ነው። ሠርኬ አንዳንዴ ጸጉሯን እያበጠረች ያንን ግድግዳ ትኩር ብላ ታየዋለች። ሥዕሉን የምታይ ይመስለኝ ነበር። ያን ለት ከእኔ ቀድማ ተነሥታ፣ ሳምንቱን ሙሉ በእጇ የሰፋችውን ነጭ ሽርጥ አልጋዋ ላይ ዘርግታ እጥፋቱን በመዳፏ ታቃናለች። መነኩሲቷ እያንዳንዷ ልጅ አንድ ነጭ ሽርጥና ሁለት ሳሙና ይዛ ትምጣ ብላለች። ሳሙና በዚያ ሰሞን እንደ ሽቶ ተወዷል፤ ነጋዴው በጣልያኑ ገንዘብ በሊሬ ሲሉት ፊቱን ያዞራል፣ የድሮውን ብር ይዞ መገኘት ደግሞ ያስጠይቃል። ሠርኬ ሁለቱን ሳሙና ያገኘቻቸው ለሰው ቀሚስ ጥልፍ ጠልፋ ነው። በሽርጡ ጠቀለለቻቸውና ብብቷ ሥር አደረገቻቸው።

«እማማ፣ ቃልዎን አይረሱም አይደል?» አለችኝ።

«የምኑን ቃል?»

«እሺ የሚሉትን ነዋ።»

«ጃጀች ብለሽኛል መሰለኝ። እሺ እላለሁ።»

ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመችኝ። ይህች ልጅ ከቤት ስትወጣ፣ ውሃ ልትቀዳም ቢሆን፣ ጉልበቴን ስማ «መጣሁ እማማ» ሳትል ወጥታ አታውቅም። ያን ለት አብረን ስለምንወጣ «መጣሁ» ማለቱን ተወችው፤ መሳሙን ግን አልተወችም።

ፈሪ ናት የሚለኝ ሰው ካለ አልጣላውም። ሠርኬ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ፈረንሳይኛ ከሚያስተምር ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብታ፣ ጦርነቱ ሊጀመር ዓመት ሲቀረው የመጨረሻውን ክፍል ጨርሳ ወረቀቷን ተቀብላለች። አባቷ ማይጨው ዘምቶ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ጣልያን ለሐበሻ ሴት ልጅ የከፈተላት በር የቱ ነው? ወይ ልብስ አጣቢነት፣ ወይ መጠጥ ቤት፣ ወይ ያ ስሙን የማልጠራው። የአስታማሚነቱ ትምህርት ከዚህ ሁሉ ይሻላል ይላሉ፤ እኔም አይሻልም አላልኩም። ግን ሦስት ዓመት እዚያው ግቢ ልታድር፣ ወደ እኔ በወር አንድ ጊዜ ልትመጣ ነው። የማታውቀውን ሰው ገላ ታጥባለች። መነኮሳቱ ለንጽሕና ብለው ማተቧን ያስፈቷታል፤ እሱን ከፈታች በጾም ሥጋ ያበሏታል፤ በጾም ከበላች ወደ ሃይማኖታቸው ይወስዷታል። በሩ ላይ የቆመው ወታደርስ? እሷ ይህን ሁሉ ስነግራት ትስቃለች። «እማማ፣ እኔ እኮ የምሄደው ሴቶች የሚተኙበት ክፍል ነው» ትለኛለች። ሳቋ ደግሞ የባሰ ያስፈራኛል፤ እናቷ ወርቅአፈራሁም ምጥ ሊይዛት ሲል እንዲሁ ትስቅ ነበርና።

ከደጃችን እንደ ወጣን መይሙና አየችን። መይሙና ወሎዬ ናት፤ ከአጥራችን ቀጥሎ ባለው ቤት በራፍ ላይ ሽንኩርት፣ በርበሬና ስኳር በጋዜጣ እየጠቀለለች ትሸጣለች። የዚያን ጊዜ ሆዷ ገፍቶ ነበር። ባለፈው ክረምት ልጇ በፈላ ውሃ እግሩን ሲቃጠል ሠርኬ ናት ዐሥር ቀን ሙሉ እየተመላለሰች በንጹሕ ጨርቅ ያዳነችው።

«እማማ ወለቴ፣ ሠርኬን ሐኪም ቤት ሊያስገቡ ነው የለበሱት? አያምርብዎትም እንዴ! ሙሽራዋ እርስዎ መሰሉ እኮ!»

«ተይኝ እስቲ አንቺ።»

«አልተውም! ስሚ ሠርኬ፣ ቶሎ ተማሪ። የዚህ ሰፈር አዋላጅ ጥፍሯን አይቼዋለሁ፤ በእሷ እጅ ከምወልድ ገበያ መኻል ብወልድ ይሻለኛል። አንቺን ነው የምጠብቀው።»

«ይህኛው አይጠብቀኝም መይሙናዬ፤ ለሚቀጥለው እደርሳለሁ» አለች ሠርኬ። ሁለቱም ሳቁ። እኔ ድንጋዩን የምፈራ መስዬ አንገቴን ደፍቼ ወደ ተክለ ሃይማኖት መውጣት ጀመርኩ።

ሐኪም ቤቱ ቀድሞ የአንድ መኳንንት ግቢ ነበር። ጌታው ወደ ጣልያን አገር ከተጋዙ ወዲህ ቤቱን ነጭ ቀብተው አልጋ ሞሉበት። ሁለት በር አለው፤ በትልቁ ፈረንጅ ይገባበታል፣ በጎን በተበሳችው ጠባብ በር እኛ። ከውስጥ የቁስል መድኃኒቱ ሽታ አፍንጫ ይቆርጣል። በአንዲት ረጅም አግዳሚ ላይ ልጆቻቸውን ይዘው የመጡ አባትና እናቶች ተደርድረው ማንም ማንንም አያናግርም፤ ሁሉም ያፈረ ይመስላል። እኛም ተቀመጥን። ሠርኬ ጉልበቷን ከጉልበቴ አስጠግታ ነበር።

ስማችን ተጠርቶ ገባን። መነኩሲቷ ከጠረጴዛ ኋላ መነጽሯን አድርጋ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ክፉ አይደለም። ትልቅ መዝገብ ተዘርግቷል። ሀብቴ ካኪውን ለብሶ፣ ጸጉሩን ቅባት አስተኝቶ፣ በቀኟ ቆሟል። ሠርኬ እጅ ነሳች። ሴትዮዋ እጇን ይዛ ጥፍሮቿን አየችና ራሷን ነቀነቀች፤ ደስ እንዳላት ገባኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ተናገረች።

«ልጅቱን ለሦስት ዓመት ፈቅደው ይሰጣሉ ወይ ነው የምትለው» አለ ሀብቴ፣ ዓይኔን ሳያይ።

«እሺ። ፈቅጄ ሰጥቻለሁ» አልኩ፤ እንዲያውም ሠርኬ በደንብ እንድትሰማኝ ጮክ ብዬ።

ሀብቴ ጀመረ። እኔ የተናገርኩት ሦስት ቃል ነው፤ እሱ አቡነ ዘበሰማያት የሚያህል አወረደ። በመኻሉም የገዛ ደረቱን በጣቱ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገ። ለመታጨት ደረት ምን ያደርጋል ብዬ ገረመኝ። መነኩሲቷ ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች። የሠርኬን እጅ የያዘችበትን እጇን አየችው። ከመሳቢያ ጨርቅ አውጥታ ጣቶቿን አንድ በአንድ ጠራረገችና በቀይ እርሳስ የሠርኬን ስም ሰርዛ ከጎኑ ሌላ ነገር ጻፈች፤ ሀብቴንም እያየች ረጋ ብላ ተናገረች። ሠርኬ አፏን ከፈተች። አጎቷን አየች፤ እኔን አየች፤ አፏን መልሳ ዘጋችው። ያ ሽርጥ ብብቷ ሥር እንደ ተጠቀለለ ነው።

«ቦታው ሞልቷል ትላለች» አለ ሀብቴ። «እንግዲህ ምን ይደረጋል።»

ስንመለስ እስከ ተክለ ሃይማኖት ድረስ ሠርኬ ከፊት ከፊቴ ትሄዳለች። እኔ ነኝ የምለፈልፈው፤ ስለ ጭቃው፣ ስለ አዲሱ ገበያ፣ ማር በአንድ ሳምንት እጥፍ ስለ መሆኑ፣ «ፈረንጅ መች ለሐበሻ ይሆናል» እያልኩ። ዝም ስል የምትጠይቀኝ ይመስለኝ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ስንደርስ ክንዴን ይዛ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችኝና ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አለች።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ፤ ግን አይደንግጡ። ቦታው አልሞላም። ጋሼ ሀብቴ ነው ያስቀረኝ።»

ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ።

«እርስዎ እሺ ብለዋል። እሱ ነው የገለበጠው። ‹እናቷ በሳንባ ነው የሞተችው፤ እሷንም ሌሊት ሌሊት ያስላታል፤ አያትየዋ አረጋዊት ናቸው፣ ይህን ደብቀው ነው የሚሰጧችሁ› አላት። ሴትዮዋም በመዝገቡ ጻፈችው። ወደ ሌሎቹ ሐኪም ቤቶችም እጽፋለሁ፣ እንዳይቀበሏት፣ አለች።»

«ጣልያንኛ... አንቺ ጣልያንኛ ከየት አመጣሽ?»

«ፈረንሳይኛ ለቻለ ሰው እኮ ሩቅ አይደለም፤ አንድ ቤት የወጡ ናቸው። የመይሙናን የስኳር ጋዜጣ ሳነብ አላዩኝም? ግድግዳችንንስ? ሁለት ዓመት ሆነኝ እኮ።»

ሁለቱ የፈረንጅ ቋንቋዎች እህትማማች መሆናቸውን ማን ነግሮኝ? እኔ ፈረንሳይኛዋ ከትምህርት ቤቱ ጋር አብሮ የተዘጋ ነገር መስሎኝ ነበር። ግን ከዚህ ይልቅ ውስጤን የቀደደው ሌላ ነው። ሳንባ! እኔ ታጭታለች በል አልኩት። የታጨች ልጅ እጮኛው ቀረ ትላለች፣ በዓመቱ ተመልሳ በሩን ታንኳኳለች፤ በልቤ ያቆየሁላት ይህችን ቀዳዳ ነበር። በሳንባ በሽተኛ የተጻፈች ልጅ ግን የትኛውን በር ታንኳኳለች? ልጄ፣ ያጠባሁት፣ የገዛ እህቱን ሞት አንሥቶ በልጇ ላይ ጣለው።

«እዚያው ውሸቱን ነው ብዬ ልናገር ነበር» አለች ሠርኬ። «አፌ ላይ ደርሶ ነው የመለስኩት። ለጣልያን የዋሸ አስተርጓሚ ምን እንደሚያደርጉት ያውቁ የለ? ሲገርፉት፣ ሲያስሩት ታየኝ። የእርስዎ ልጅ ነው፤ ተውኩት።» ከዚያም መሬቱን በእንጨት እየጫረች ቀጠለች። «እናቴ በምን እንደ ሞተች እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ውሃ አፍይ ብለው ላኩኝ። ውሃው ፈልቶ ይዤ ስገባ ደሙ ከመደቡ ወርዶ ደጅ ደርሶ ነበር።»

ያን ቀን ሐኪም ይጠራ ያሉ ነበሩ። ወንድ ሐኪም ልጄን አያያትም ብዬ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ሠርኬ ይህን ትወቅ አትወቅ ጠይቄያት አላውቅም። በዚያች ድንጋይ ላይም አልጠየቅኋትም።

«ሌላም ቦታ አለ» አለች። «ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚኖሩበት። እዚያ ማንም መሄድ ስለማይፈልግ መዝገብ አያዩም፣ ዋስ አይጠይቁም፤ እጅ ያለው ሰው ከመጣ ይቀበላሉ። ግን አይዞዎት፣ እርስዎን ጥዬ የትም አልሄድም። ማንም ሳይቆምልኝ እርስዎ እሺ ብለውልኛል።»

እጄን ሳመችኝ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌ ውስጥ ነበር። አጥሩ አጠገብ አንድ ለማኝ ስለ ማርያም እያለ ይለምናል፤ እሱ ይጨርስ ብዬ ቆየሁ፤ እሱ ጨረሰ፣ እኔ አልጀመርኩም። ደግፋ አነሣችኝና ቁልቁል ወደ ቤት ወሰደችኝ።

ቤት ስንደርስ መይሙና ከበራፏ ብድግ አለችና ፊታችንን አይታ መልሳ ተቀመጠች። ምሳ ቀረበ፤ ሠርኬ በላች፤ እኔ አፌ ውስጥ አዞርኩት። ሽርጡን ዘርግታ እንደገና አጠፈችው፤ ሳሙናዎቹንም በላዩ አስቀምጣ የአልጋዋ ራስጌ አኖረችው። «ለመይሙና ሕፃን መጠቅለያ ይሆናል» አለች። ድምፅዋ ደህና ነው። ከመጋረጃው ወዲህ ዳዊቴን ገልጬ ተቀመጥኩ፤ አንድ መዝሙር ላይ ብቻ ፀሐይዋ ከደጃፉ ወደ መደቡ እግር ተሻገረች። አሁን ልንገራት፣ አይ ትንሽ ትረፍ፤ አሁን ልንገራት፣ አይ መጀመሪያ ሀብቴን ልጠይቀው እላለሁ። እሷ ከወዲያ በመርፌ የሆነ ነገር ትሰፋለች፤ ክሩ ጨርቁን ሲያልፍ ይሰማኛል። እንዲያ ተቀራርበን ተቀምጠን አንዳችን የሌላችንን ትንፋሽ እንሰማለን።

ዐሥር ሰዓት ሲሆን ሀብቴ መጣ። በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር ይዞልኛል። ባርኔጣውን አውልቆ ከሣጥኑ ላይ አኖረና ፈገግ አለ፤ ትንሽ ልጅ ሳለ የላኩትን ዕቃ ሳይሰብር ሲያመጣ የሚያሳየኝን ፈገግታ። ሠርኬ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ወንበሩን አቀረበችለት። እንደ ወትሮው ጎንበስ ብላ ሰላም አለችው። ከዚያ ቀና ብላ፣

«ጋሼ» አለችው፣ «ጠዋት ለመነኩሲቷ የተነገራት ‹ቲሲካ› ማለት ምንድን ነው?»

ሀብቴ ስኳሩን እንደያዘ ቀረ። ወደ እኔ አየ። ዓይኑ «ነገሯት?» የሚል መሰለኝ። ያ ዓይን አስፈራኝ። ቀድሜ ካልጮኽኩ ነገሩ የሚወጣ መስሎኝ ከመደቤ ተነሣሁ።

«አንተ!» አልኩት፤ «እንዴት ቻልክበት? ሟች እህትህን አፈር ከተጫናት በኋላ እንዴት በሽተኛ ታደርጋታለህ? የእህትህን ልጅ!»

«እማዬ፣ ቀስ ይበሉ።»

«ቀስ አልልም! ማን አዞህ ነው? ቦታዋንስ ለማን ሰጠህ?»

ይህን የጠየቅሁት እንዲሁ ነበር፤ ለጩኸት ሙሌት። እሱ ግን ፊቱ ተለወጠ።

«ባዶ ከሚቀር የሚስቴ እህት ገባች» አለ ቀስ ብሎ። የሚስቱ ታናሽ እህት ፊደል እንኳ አልለየችም። «ምን አጠፋሁ? የታጨች ብል ሴትዮዋ በዓመቱ ተመለሺ ትላታለች፣ ቦታውንም ትጠብቅላታለች። እንዲያ ከሆነ መቅረቷ ምኑን ቀረ?»

ለካስ እሑድ ለት ባርኔጣውን ሲያዞር የሚያስበው ይህንን ነበር። ደሜ ራሴ ላይ ወጣ። ሠርኬ አጠገቤ መቆሟን ረሳሁ፤ እምላለሁ፣ ረሳሁ።

«እኔ ታጭታለች በል አልኩህ እንጂ ሳንባ አልኩህ?»

ሀብቴ ዐይኑን ወደ መሬት ወረወረ። እኔ የተናገርኩት ወደ ራሴ ጆሮ የደረሰው ቆይቶ ነው፤ አንድ ሰው ከውጭ ሆኖ የተናገረው ያህል። ሠርኬ አየችኝ። ቁጣ ቢሆን እቀበለው ነበር። አላዘነችም፣ አልተቆጣችም፤ ጠዋት መነኩሲቷ ጣቶቿን እየጠረገች እሷን ያየችበት ዓይን ነው። «ሠርኬ፣ እኔ እኮ እንዳትርቂኝ ብዬ፣ ስለ ፈራሁልሽ...» ማለት ጀመርኩ። የቀረውን አላገኘሁትም።

ወደ መጋረጃው ወዲያ ገባች። መስተዋቱን አልነካችም፤ ልብሷንም አልሰበሰበችም። ነጠላዋን ተከናነበች፣ ሽርጡንና ሁለቱን ሳሙና ብብቷ ሥር አደረገች። ስትመለስ በመደቤ አጠገብ ናት የምታልፈው፤ ሌላ መንገድ የለም። ሳላስበው እግሬን ሰብስቤ ጉልበቴን አስተካክዬ ተቀመጥኩ። ነጠላዋ ጉልበቴን ነካ አድርጎ አለፈ። ሀብቴ ከበሩ ገለል አለላት።

መይሙና ከአጥሩ ማዶ «ሠርኬ! ወዴት ነው?» ስትል ሰማሁ። እርምጃው የመይሙናን ደጅ አለፈ፤ ወደ ተክለ ሃይማኖትም አልወጣም፤ ከከተማ በሚያስወጣው መንገድ ቁልቁል ወረደ።